በሩን እንዝጋ ወይስ እንክፈት?

(ስለ አገር በቀሉ የትራውት ዓሣ ጉዞና መዳቀል በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ነው ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። ጾም ገባ እንዴ ያላችሁም አትጠፉም። እኛ ግን ይህን ርእስ የመረጥነው ስለ ምሳ ለመናገር አይደለም። በዓሣው ታሪክ ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ስላገኘን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ፍጥረት ለመኖር መንገድ የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ የሚያጠፋው እንግዳም በዚያው መንገድ የሚመጣ ከሆነ፣ መንገዱን መዝጋት ይሻላል ወይስ መክፈት?

ይህ ጥያቄ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩትን የዓሣ ጠባቂዎችና የሳይንስ ሊቃውንት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቷል። እኛም ነገሩን እንደ ተረዳነው መጠን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ የዓሣው ጠባይ

ከትስሮት ትራውት የሚባለው ዓሣ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ በቀዝቃዛና በጠራ ውሃ ውስጥ የሚኖር አገር በቀል ዓሣ ነው። ስሙ «ጉሮሮው የተቆረጠ» እንደ ማለት ነው፤ ከመንጋጋው ሥር ቢላ ያረፈበት የሚመስል ቀይ ሰረዝ አለው። በ1805 ሉዊስና ክላርክ የሚባሉት ሁለት መኰንኖች የሚዙሪን ወንዝ ተከትለው ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ ባልደረቦቻቸው ከታላላቆቹ ፏፏቴዎች አጠገብ ይህን ዓሣ አጥምደዋል፤ መኰንኖቹም መልኩን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። የዓሣው የሳይንስ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ለክላርክ መታሰቢያ ነው። ዓሣው ብዙ ወገኖች ያሉት ሲሆን፣ በሞንታናና በአይዳሆ የሚገኘው ወገን ደግሞ በሉዊስ ስም ይጠራል።

የዚህ ዓሣ አኗኗር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በተወለደበት ጅረት ውስጥ ኖሮ እዚያው ይሞታል። ሌላው ግን በልጅነቱ ወደ ታላቅ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ይወርድና እዚያ ይፋፋል። ለአካለ መጠን ሲደርስም በጸደይ ወራት ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ በተወለደበት ጅረት ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ጅረቱን ሳይለቅ የሚኖረው ዓሣ ትንሽ ነው፤ ዕንቁላሉም በመቶ የሚቆጠር ነው። ተጓዡ ግን ትልቅ ስለሚሆን ከሺህ በላይ ዕንቁላል ሊጥል ይችላል።

የጉዞው ጥቅም በዚህ ብቻ አያበቃም። የደን ቃጠሎ ወይም ድርቅ የአንዱን ጅረት ዓሣ የፈጀው እንደ ሆነ፣ ከታች የሚመጡት ተጓዦች ጅረቱን እንደ ገና ይሞሉታል። በየጅረቱ ያለው ዘር እርስ በርሱ የሚገናኘውም በእነርሱ አማካይነት ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓሣ መንገድ ማለት ሕይወት ማለት ነው።

፪፤ መንገዱ ሲዘጋ

መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ኔቫዳ እንሂድ። ትራኪ የሚባለው ወንዝ ከታሆ ሐይቅ ተነሥቶ በበረሓው መካከል ወደሚገኘው ወደ ፒራሚድ ሐይቅ ይገባል። በፒራሚድ ሐይቅ ላሆንታን የሚባለው የከትስሮት ወገን ይኖር ነበር። በ1925 ከዚህ ሐይቅ የተጠመደ አንድ ዓሣ 41 ፓውንድ፣ ማለት 18 ኪሎ ተኩል ያህል መዝኖ በዓለም ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ከትስሮት ሆኖ ተመዝግቧል። አጥማጁ የሐይቁ ባለቤት ከሆኑት ከፓዩት ሕዝብ የተወለደ ሰው ነበር። ለፓዩት ሕዝብ ይህ ዓሣ የዘመናት ምግባቸው ነው።

በ1905 ደርቢ የሚባለው ግድብ በወንዙ ላይ ተሠራ። ዓላማው በረሓውን በመስኖ ማልማት ነበር። ነገር ግን ውሃው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ሐይቁም እየጐደለ ሄዶ ከፍታው ከ20 ሜትር በላይ ወረደ። ዓሣውም ዕንቁላሉን ወደሚጥልበት ሥፍራ የሚወጣበት መንገድ ጠፋው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ የፒራሚድ ሐይቅ ትራውት ፈጽሞ አለቀ። 18 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ከተጠመደበት ዓመት ጀምሮ ቢቆጠር 20 ዓመት እንኳ አልሞላም።

ታላቅ ግድብ ብቻ አይደለም መንገድ የሚዘጋው። ከአውራ ጎዳና ሥር የሚቀበር ቱቦ አፉ ከጅረቱ ከፍ ብሎ ከተሠራ ለዓሣ ግድብ ነው። መሐንዲሱ ውሃው ማለፉን ይመለከታል እንጂ ዓሣው ማለፉን አይመለከትም።

፫፤ እንግዳው ሲመጣ

ሁለተኛው አደጋ መዳቀል ነው። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዓሣ የተፈጥሮ አገሩ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደዚያ የሚፈሱት ወንዞች ናቸው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ግን በማራቢያ ጣቢያዎች እየተፈለፈለ ወደ ሌሎች ወንዞች ይላክ ጀመር። ጫጩቶቹ በወተት ማመላለሻ ጣሳ ተሞልተው በባቡር ተጓዙ፤ ባቡር በማይደርስበት ተራራ በፈረስና በበቅሎ ተጫኑ፤ በኋላም በአውሮፕላን ከሰማይ ወደ ሐይቅ ተበተኑ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ወንዙን ዓሣ በማብዛት ሕዝብን የሚጠቅሙ መስሏቸው ነበር።

በአገራችን መዳቀል ሲባል አስቀድማ ትዝ የምትለን በቅሎ ናት። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በቅሎ ጠንካራ ናት፤ ነገር ግን አትወልድም። ስለዚህ የፈረስና የአህያ ዘር በእርሷ ላይ ይቆማል፤ ፈረስም ፈረስ፣ አህያም አህያ ሆነው ይቀጥላሉ። የቀስተ ደመናና የከትስሮት ድቅል ግን ይወልዳል። የድቅሉ ልጆች ከንጹሑ ዓሣ ጋር፣ የልጅ ልጆቹም እንደ ገና ከሌላው ጋር እየተራቡ ሲሄዱ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ በወንዙ ውስጥ ንጹሕ ዓሣ አይገኝም። ወንዙ በዓሣ የተሞላ ይመስላል፤ አጥማጁም ደስ ብሎት ይመለሳል። እነሆ፣ ወንዙ ባዶ ሳይሆን አንድ ወገን ጠፋ ማለት ነው።

«ታዲያ ድቅሉ ጠንካራ ከሆነ ምን ይጐዳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህን ጥያቄ በሞንታና ፍላትሄድ በሚባለው የወንዞች ሸለቆ የሚሠሩ ሊቃውንት መርምረውታል። በ2009 ክሊንት ሙልፌልድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ጅረት ውስጥ የእያንዳንዱን ጫጩት ወላጆች በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ለይተው አወቁ። ከዘሩ 20 ከመቶ ያህሉ ከቀስተ ደመና የመጣ ዓሣ፣ ከንጹሑ ከትስሮት ጋር ሲነጻጸር ለመኖር የሚበቁት ልጆቹ በግማሽ ያህል አንሰው ተገኙ። ድቅሉ ለዚያ ቀዝቃዛ ጅረት የሚያስፈልገውን፣ በብዙ ሺህ ዓመታት የተሰበሰበ የተፈጥሮ ችሎታ አጥቶታል ማለት ነው።

ደካማ ከሆነስ ስለ ምን ራሱ አይጠፋም? ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ከሚወለዱት ድቅሎች መካከል ብዙ ልጅ የሚያፈሩ ይገኛሉ፤ ቀስተ ደመናውና ድቅሉም ከተወለዱበት ጅረት ወጥተው ወደ ሌላ ጅረት ይገባሉ። ሁለተኛ፣ ድቅል የወለደው ሁሉ ድቅል ነው። በወጥ ውስጥ የገባ ጨው ተመልሶ እንደማይወጣ፣ በዘር ውስጥ የገባም እንዲሁ ነው።

በዚህ ላይ የአየሩ መሞቅ ተጨምሯል። ቀስተ ደመናው በጸደይ ቀደም ብሎ ዕንቁላሉን ስለሚጥል፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ የሚመጣው ኀይለኛ ጐርፍ ዕንቁላሉንና ጫጩቱን ይጠርግበት ነበር። ቀዝቃዛው ውሃና ጐርፉ ለአገሬው ዓሣ እንደ ዘበኛ ነበሩ። ውሃው እየሞቀ፣ የጸደዩም ጐርፍ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ዘበኛው ደከመ። እነዚሁ ሊቃውንት የ30 ዓመት ያህል መረጃ አነጻጽረው በ2014 ባወጡት ጥናት፣ መዳቀሉ ወደ ላይኞቹ ጅረቶች እየወጣ መሄዱን፣ የአየሩም ለውጥ እንዳፋጠነው አስረድተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ስለ ንጹሕ ዘር ስንናገር ስለ ሰው መናገራችን አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ፍጥረት ነው፤ በሰው ላይ የተሰበከው የደም ንጽሕና ትምህርት ለዓለም ያተረፈው መከራ ብቻ ነው። እኛ የምንናገረው በተፈጥሮ ተለያይተው ስለ ኖሩ፣ ሰው በጣሳ ተሸክሞ ስላገናኛቸው ሁለት የዓሣ ዓይነቶች ነው።

፬፤ ሁለቱ አደጋዎች ሲጋጩ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለጉዞው መንገድ ክፈት፣ እንግዳውንም ከልክል። ችግሩ ሁለቱም የሚያልፉት በአንድ በር መሆኑ ነው።

ፍላትሄድ ሦስት ገባሮች አሉት። ከእነዚህ በአንደኛው፣ በደቡቡ ገባር ላይ፣ በ1953 ሃንግሪ ሆርስ የሚባል 172 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ከታችኛው ሐይቅ ተነሥተው ወደዚያ ገባር የሚወጡት ዓሣዎች መንገዳቸው በዚያው ዓመታት ተቆረጠ። ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር። ዛሬ ተመልሰን ስናየው ግን ከግድቡ በታች ባሉት ወንዞች ውስጥ መዳቀሉ ሲስፋፋ፣ ከግድቡ በላይ ያለው ሰፊ አገር ከቀሩት የንጹሕ ከትስሮት መጠጊያዎች ዋናው ሆኖ ተገኝቷል። ዓሣውን የጐዳው ግንብ ዓሣውን ጠበቀው።

እንግዲህ ይህን አይቶ በየጅረቱ ግንብ እንሥራ ማለት ይቻላልን? በእርግጥ በብዙ ጅረቶች ላይ እንግዳው እንዳይወጣ ሆን ተብሎ ትንንሽ ግንብ ተሠርቷል። ነገር ግን ከሃንግሪ ሆርስ በላይ ያለው ግቢ እጅግ ሰፊ ነው። ዓሣው ከግድቡ ኋላ ከተፈጠረው ሐይቅ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ጅረቱ መጓዝ ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ያለው ጅረት በግንብ ሲታጠር ግን ተጓዡ ዓሣ ይጠፋል፤ ትንንሾቹ ብቻ ይቀራሉ። እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ ዘራቸው ይደክማል፤ አንድ ቃጠሎ ወይም አንድ ድርቅ የመጣ ዕለትም ሁሉም ያልቃል፤ የሚተካቸውም አይመጣም። የኮሎራዶው ሊቅ ከርት ፋውሽና ባልደረቦቹ በ2009 ያስረዱት ይህንኑ ነው። ለሁሉም ወንዝ የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ በእያንዳንዱ ጅረት ከወረራና ከመገለል የትኛው አደጋ እንደሚቀርብ መመዘን ያስፈልጋል።

፭፤ ጐተራና ማሳ

በእኛ አስተያየት የዚህ ክርክር መፍትሔ ገበሬ ሁሉ በሚያውቀው ነገር ውስጥ ይገኛል። ገበሬ የዘር እህሉን በጐተራ ያኖራል፤ ይዘጋበታል፤ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። ነገር ግን ጐተራ ማሳ አይደለም። ዘሩን በጐተራ ዘግቶ ለዘላለም የሚያኖር ገበሬ የለም።

ለዚህ ምስክራችን የፒራሚድ ሐይቅ ዓሣ ነው። በ1940ዎቹ አለቀ ብለን ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን በኔቫዳና በዩታ ወሰን፣ ፓይለት ፒክ በሚባል ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ጅረት ውስጥ ጥቂት ትራውቶች ተገኙ። ቀደም ሲል ያልታወቀ ሰው ወስዶ ጨምሯቸው ኖሯል። በኋላ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሲደረግ፣ በሙዚየም ከቆዩት ከፒራሚድ ሐይቅ ዓሣዎች ዘር መሆናቸው ታወቀ። በጅረቷ ውስጥ ትንንሽ ነበሩ። በ2006 ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ9 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ተጠመዱ። በ2014 ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በትራኪ ወንዝ ዕንቁላል ሲጥሉ ታዩ። በ2020ም ዓሣው ወደ መስኖው ቦይ እንዳይገባ የሚከለክል ትልቅ ወንፊት በደርቢ ግድብ ላይ ተሠራ። ጐተራው ዘሩን አዳነ፤ ዓሣውን እንደ ቀድሞው ያደረገው ግን ማሳው ነው።

ነገር ግን በጐተራው ውስጥ ያለው ዘር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በኮሎራዶ ግሪንባክ የሚባለውን የከትስሮት ወገን ለማዳን ለብዙ ዓመታት ተደክሟል፤ ብዙ ጅረቶችም በዓሣ ተሞልተዋል። በ2012 ጄሲካ ሜትካፍና ባልደረቦቿ ከመቶ ዓመት በላይ በአልኮል ውስጥ ከተቀመጡ የሙዚየም ዓሣዎች ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተው ሲያነጻጽሩ፣ ያ ሁሉ የተደከመለት ዓሣ ግሪንባክ አልነበረም። እውነተኛው ግሪንባክ የተገኘው በአንዲት ጅረት ብቻ ነበር። እዚያም ያኖረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግዶቹን ዓሣ ሊያስጠምድ የፈለገ አንድ የሆቴል ባለቤት ነው። ዛሬ ዘሩ ወደ ሌሎች ጅረቶች ተወስዷል፤ በ2022ም በአንዱ ጅረት ራሱ መራባቱ ተነግሯል።

ጐተራውን ከነቀዝ ማጽዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሃንግሪ ሆርስ በላይ ባሉት ከፍተኛ ሐይቆች ውስጥ አስቀድሞ የተጨመሩ እንግዶችና ድቅሎች ነበሩ፤ እነርሱም ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። ግንብ ከውስጥ ለሚመጣ ጠላት አይጠቅምም። ስለዚህ በ2007 ተጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል በተካሄደ ሥራ፣ ሮቴኖን የሚባል መርዝ በሐይቆቹ ውስጥ እየተጨመረ ድቅሉ እንዲያልቅ ተደረገ፤ በምትኩም ንጹሑ ከትስሮት ተጨመረ። ሮቴኖን በዓሣው ስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በፀሐይና በሙቀት ኀይሉ ይጠፋል። አንድን ዓሣ ለማዳን ሐይቅ መመረዝ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ተቃዋሚም አላጣም። እኛ ግን አስቀድሞ እንግዳውን የጨመረው ሰው የተወውን ዕዳ ኋለኞቹ እየከፈሉ ነው እንላለን።

፮፤ ወደ አገራችን ስንመለስ

«ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ ጓደኞቻችን ጥቂት ቃል እንጨምር።

ትራውት በአገራችን አለ፤ ነገር ግን አገር በቀል አይደለም። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የሚጠመዱት ቡናማውና ቀስተ ደመናው ትራውት ባለፈው ምዕተ ዓመት ከኬንያ መጥተው የተጨመሩ ናቸው። በሌላው አገር ዕዳ ያስከተለው ዓሣ በእኛም ወንዝ ውስጥ እንግዳ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የጣና ነገር ነው። በጣና ሐይቅ በሳይንስ ላቤዎባርበስ የሚባሉ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ተጠብቀው የኖሩት 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚከለክል ነው። ያን በር የዘጋችው ተፈጥሮ ራሷ ናት። በሐይቁና በገባሮቹ መካከል ያለውን በር ግን ክፍት አድርጋ ትታዋለች፤ ከእነዚህ ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ልክ እንደ ትራውቱ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ወራት በወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዘረጋለን፤ ውሃውን ለመስኖ እንጠልፋለን፤ በርብም ላይ ግድብ ሠርተናል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ወንዝ በመጨመር ዓሣ ማደንዘዝ ከጥንት የምናውቀው ልማድ ነው። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝም ያው ሮቴኖን ነው። በአሜሪካ ተራሮች አገር በቀሉን ለማዳን እየተለካ የሚጨመረው መርዝ፣ በእኛ ወንዝ ዕንቁላሉን ሊጥል የመጣውን አገር በቀል ዓሣ ይፈጃል።

ግድብና መስኖ አያስፈልጉም አንልም። አገራችን መብራትም እህልም ያስፈልጋታል፤ የዓሣ አጥማጁም ቤተሰብ መብላት አለበት። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ወንዝ ዓሣ አምጥቶ ከመጨመር በፊት በዚያ ውሃ ያለው አገር በቀል ዓሣ ይታወቅ። እምቦጭ ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ ያሳየን ነገር፣ የገባ እንግዳ በቀላሉ እንደማይወጣ ለመማር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ወንዝ የሚገድበው መሐንዲስ ፕላኑን ሲያወጣ ስለ ዓሣው መንገድ የሚጠይቅ የባዮሎጂ ሰው ከአጠገቡ ይኑር። የምሕንድስና ጓደኞቻችን ይህን ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ዛሬ በየወንዛችን ያለው ዓሣ ተሰብስቦ፣ ተመዝግቦና በአልኮል ተቀምጦ ይቆይ። የግሪንባክን እውነት የተናገረው ሁሉም የረሳው አሮጌ ጠርሙስ ነው። እኛ ዛሬ ያላስቀመጥነውን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ከየት ሊያገኘው ይችላል?

መምህራን፣ ጓደኞቻችን፤

በመጀመሪያ በሩን እንዝጋ ወይስ እንክፈት ብለን ነበር። መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ዘሩ ሊጠፋ በቀረበበት ሥፍራ ይዘጋ፤ ነገር ግን የተዘጋው ዳግመኛ የሚከፈትበትን ቀን እያዘጋጁ ይሁን። ገና ያልተበላሸ ወንዝ ያለው አገር ደግሞ ከሁለቱ ምርጫዎች በፊት ሦስተኛ ምርጫ አለው፤ ይኸውም እንግዳውን አለማስገባት ነው። አሜሪካኖች ይህ ምርጫ በብዙ ወንዞቻቸው ላይ አምልጧቸዋል። እኛ በአንዳንዱ ወንዛችን ላይ ገና በእጃችን ነው።